ከሊሾው በታች

ዙለይኻ በሩን በትከሻዋ ለሦስተኛ ጊዜ ገፋችው። አልተነቃነቀም። እጀታውን ወደ ላይ እያነሳች ሞከረች፤ እግሯን ከበረንዳው ምሰሶ አስደግፋ ሞከረች። የላሜራው በር በታችኛው ጠርዙ ወለሉን ነክሶ ቀጥ ብሏል።

ውስጥ ዘጠኝ ሕፃናት አሉ። ትልቋ ሦስት ዓመት አልሞላትም። ሁሉም ፋብሪካ የሚውሉ ወይም ቢሮ የሚገቡ እናቶች ልጆች ናቸው። ዙለይኻ አቃቂ በራሷ ግቢ ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ከከፈተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ልጅ ጉልበቱ ተልጦ እንኳ ወደ ቤቱ አልሄደም። ዛሬ ወተቱ ሊገነፍል ሲል ሰምታ ለአንድ ደቂቃ ወደ ማድቤት ወጣች፤ የጥር ንፋስ መጥቶ በሩን ወለሉን እያፋቀ ከኋላዋ ወረወረው። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። እየታከከ ስላስቸገረ በድንጋይ ተደግፎ ነበር የሚውለው።

"መርዋዬ፣ ከበሩ ራቂ፣ እሺ? ፍራሹ ላይ ሂጂ። አሁን እመጣለሁ" አለች ድምፅዋን እያለሳለሰች።

መርዋ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ሌሎቹ ተከተሏት።

ዙለይኻ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ሌባ እንዳይገባ ባሏ ደርዊሽ ያስበየደው ፍርግርግ ክንድ እንጂ ትከሻ አያሳልፍም። በብረቶቹ መሀል ስታይ ልጆቹ በሩ ስር ተሰብስበዋል። የሁሉም ታናሽ የሆነችው ኢንቲሳር በሩን ተደግፋ ተቀምጣ፣ ጣቶቿን ከጠርዙ ስር ለማስገባት ትታገላለች። በሩ ተከፍቶላት ቢሆን ኖሮ የሚያርፈው እዚያች ልጅ ላይ ነበር።

"ኢንቲዬ፣ ነይ ወደኔ። ብስኩት አለኝ።"

ያን ጊዜ ከክፍሉ ጥግ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከግድግዳው የልስን ብናኝ ወርዶ ፍራሹ ላይ ተበተነ። ልጆቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከለቅሷቸው ይልቅ አስፈራት። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ መንገድ ወጣች።

የኦልጅራ ብየዳ ቤት ከግቢዋ ሁለተኛው በር ነው። ኦልጅራ በሩ ልጆቹ ላይ መዘጋቱን ስትነግረው ዲጅኖና መዶሻ ይዞ ተከተላት። በሩን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ፣ ተንበርክኮ ከታች አየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"በጉልበት አይሆንም። ከስሩ ያለውን ሊሾ ልስበር። አንቺ ልጆቹን ወደ መስኮቱ ሳቢልኝ።"

ብስኩቱን በፍርግርጉ ውስጥ እያሳየች፣ የምታውቀውን ሁሉ እየዘፈነች ሰበሰበቻቸው። ዲጅኖው ሲያርፍ ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ እሷ ደግሞ ዘፈኗን ከፍ ታደርጋለች። ዓይኗን ግን ከጥጉ አልነቀለችም። እዚያ የፊደል ገበታ ሰቅላለች። የሰቀለችው ልጆቹ ፊደል ለመቁጠር ደርሰው አይደለም፤ ባለፈው መስከረም የታየውን ስንጥቅ እናቶች እንዳያዩት ነው። አሁን ስንጥቁ ከገበታው በላይም በታችም ወጥቷል።

በሩ ሲጥ ሲጥ እያለ ተከፈተ። ገብታ ቆጠረቻቸው። ዘጠኝ። ደግማ ቆጠረች። ሦስተኛ ልትጀምር ስትል ኦልጅራ "ሁሉም አሉ" አላት ቀስ ብሎ።

ልጆቹን አንድ በአንድ እያቀፈች ወደ ግቢው አወጣቻቸው፤ በጥላው ስር ምንጣፍ ዘረጋችላቸው። ኦልጅራ እስኪረጋጉ ጠበቀና ከብየዳ ቤቱ ውሃ ልክ አምጥቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አረፋው ሮጦ ዳር ላይ ቆመ። አዙሮ በሌላ አቅጣጫ አስቀመጠው፤ ያው ነው። የክፍሉ መሀል እንደ ቦካ ሊጥ ከፍ ብሏል።

"ይኼን በር ሁለት ጊዜ ከታች ቆርጬልሻለሁ" አለ። "ሦስተኛ ጊዜ አልቆርጥም። የሚነሳው ወለልሽ ነው።"

"ደርዊሽ መረሬው ነው ይላል። አቃቂ ሁሉ መረሬ አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይወርዳል ይላል።"

"አሁን ወሩ ምንድን ነው?"

"ጥር።"

"ዝናብ ካየን ስንት ጊዜ ሆነን? መረሬ ቢሆን ይኼኔ ወርዶ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር። ያንቺ በበጋም ይነሳል።" ዲጅኖውን ሰብስቦ ወደ ትከሻው አወጣ። "ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ከውሲም ግድግዳቸው በዚህ በናንተ በኩል ተሰንጥቋል። እሳቸውም መረሬ ነው ብለው ነገ ቦይ ሊያስቆፍሩ ነው፣ ግድግዳውን ተከትሎ። ይቺን ዲጅኖም እንዳውሳቸው ጠይቀውኛል። ለማንኛውም የሚያውቅ ሰው አሳዪ፣ ዙለይኻ። እኔ ብረት ነው የማውቀው።"

የሚያውቅ ሰው አለ። ከልጆቹ የአንዷ፣ የኤልዳና እናት ዮዲ ቃሊቲ ቀለበት መንገዱ አጠገብ አፈርና ድንጋይ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ዙለይኻ ስልኩን አንስታ ብዙ ቆየች። ከደወለች አንዲት እናት አወቀች ማለት ነው፤ አንዲት እናት ካወቀች ሁሉም ያውቃሉ። ምንጣፉ ላይ ኢንቲሳር ብስኩቷን ለኤልዳና እያጎረሰቻት ነበር። ደወለች።

ዮዲ በምሳ ሰዓቷ በባጃጅ መጣች። መጀመሪያ ልጇን አቀፈች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ክፍሉ ገባች። ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰች፤ ነጭ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ። ኦልጅራ የሰበረው ቦታ ላይ ቁጢጥ ብላ ከሊሾው በታች ያለውን አየች።

"ከስሩ የገባው ምንድን ነው?"

"ገረጋንቲ።"

"ገረጋንቲማ ቀይ ነው።"

"ይኼኛው ጥቁር ነበር። ባለቤቴ ነው በመኪናው ያመጣው። ቤቱ የተሠራ ጊዜ፣ አምስት ዓመት ሆነው።"

ዮዲ አንድ ቁራጭ ፈልፍላ አወጣች። ድንጋዩ በእጇ ላይ እንደ አሮጌ ደብተር በስስ በስሱ ተላቀቀ። በየንብርብሩ መሀል ያው ነጭ ዱቄት አለ፤ ዳር ዳሩ እንደ ዛገ ብረት ቀልቷል። አንዱን ወፍራም ቁራጭ በድንጋይ መትታ ለሁለት ሰበረችው። አዲስ በተሰበረው ጥቁር ፊት ላይ ቢጫ ብልጭታ ታየ፤ ጥቃቅን፣ ግን ብዙ።

"ወርቅ ይመስላል" አለች ዙለይኻ።

"ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ተሞኝቷል። ወርቅ ቢሆን ይሻልሽ ነበር።" ዮዲ ቁራጮቹን በፌስታል ቋጠረች። ፈገግ አላለችም። "እስክመለስ ልጆቹን እዚህ ክፍል አታስገቢያቸው። አንቺም አትግቢ። ያ ጥግ ደግሞ ልጆቹ ይቅሩና ድመት አይለፍበት።"

ከሰዓት በኋላው አልመሽ አለ። ዙለይኻ ልጆቹን በግቢው አበላች፣ በረንዳው ላይ አስተኛች። ከክፍሉ ድምፅ የሰማች ይመስላትና ዞር ትላለች፤ ምንም የለም። ጠዋት ዘጠኙ ልጆች ፍራሹ ላይ ቢሆኑ ኖሮ እያለች ታስባለች፤ ፍራሹ ከጥጉ ስር ነው። ከዚህ ሐሳብ ልትወጣ አልቻለችም።

ዮዲ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰች። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ኤልዳና እናቷ ጭን ላይ ወጣች።

"ድንጋዩ ውስጥ ያለውን የድኝ ልክ በትክክል ለማወቅ ቀናት ይፈጃል" አለች ዮዲ። "ያየሁትን ግን ልንገርሽ። ድንጋዩን ፈጭቼ አጋልኩት፤ የተለኮሰ ክብሪት ሸተተኝ። ዝገቱን ያጠብኩበት ውሃ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ አሲድ ነው። በማይክሮስኮፕ ስመለከተው ብልጭ የሚለው ነገር ባብዛኛው እንደ እንጆሪ ፍሬ ተጠጋግቶ የተከመረ ጥቃቅን ኳስ ነው። ፓይራይት ይባላል። ብረትና ድኝ ነው።"

"ድንጋይ ውስጥ ድኝ ምን ይሠራል?"

"ድንጋይ ከመሆኑ በፊት ጭቃ ነበራ። የባሕር ወለል ጭቃ።"

"ምን ባሕር? ከአባይ በረሃ አፋፍ ነው ያመጣው።"

"በዚያን ጊዜ እዚያ ባሕር ነበር። ሰው የሚባል ነገር ሳይኖር።" ዮዲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ልጆቹ አጠገባቸው ተኝተው ነበር። "ባሕሩ ውስጥ የሚሞተው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጥና ከጭቃው ጋር ይከመራል። ጭቃው ከላዩ ትንሽ አየር ያገኛል፣ ዝቅ ሲል ግን ምንም አየር የለም። አየር በሌለበት የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እኛ አየር ስበን እንደምንኖረው እነሱ የባሕሩን ጨው ይጠቀማሉ፣ ድኝ ያለበትን ጨው። የሞተውን ይበሉና የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ። ጭቃው ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ጋዙ ብረቱን ሲያገኘው ይያያዛሉ፤ ጭቃው ይጠቁራል። ተጨማሪ ድኝ ሲደርሰው ያ ብልጭልጩ ይወጣል። ከዚያ ሌላ ጭቃ ይወርድበታል፣ በሱም ላይ ሌላ። እየተጨመቀ፣ ውሃው እየወጣ፣ እንዲህ በስሱ የሚላቀቅ ድንጋይ ይሆናል። ፓይራይቱ ውስጡ ታሽጎ ይቀራል።"

"ያ ሁሉ ዘመን ምንም ሳይሆን?"

"ምንም ሳይሆን። አየር እስካላገኘው ድረስ።"

ዙለይኻ በር የሌለው ያህል ወለል ብሎ ወደተከፈተው ክፍል አየች።

"እኛ አየር ላይ አወጣነው" አለች።

"ሰባብራችሁ፣ እርጥበት ያለው መሬት ላይ ደፍታችሁ፣ በሊሾ ከደናችሁት። በየስንጥቁ አየርና እርጥበት ሲገባ ፓይራይቱ ይዝጋል፣ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኖራ ሲያገኝ ጀሶ ይሆናል፤ ያ ነጩ ዱቄት ጀሶ ነው። ጀሶው ከበፊቱ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ወለሉን ወደ ላይ ያነሳል፣ ግድግዳውን ወደ ጎን ይገፋል። አሲዱ ደግሞ ሲሚንቶውን ይበላል።"

"መቼ ነው የሚቆመው?"

"ፓይራይቱ ሲያልቅ። ገና አላለቀም፣ በዓይንሽ አይተሻል። ደግሞ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ ቶሎ ነው የሚዝገው።"

"በሲሚንቶ ብንደፍነውስ?"

"ከላይ ደፍነሽው ከታች ይገፋል። መፍትሔው አንድ ነው፣ ሊሾውን አንስቶ ድንጋዩን ጠርጎ ማውጣት፤ እሱም የሚያውቅ መሐንዲስ ባለበት፣ ግድግዳው ተደግፎ። መረሬ ነው ብሎ ጎን ለጎን ቦይ የሚቆፍር ሰው ካለ ራሱን ነው የሚያጠፋው። አየር ይጨምርለታል፣ ቀድሞ የተገፋውን ግድግዳ ደግሞ ከእግሩ ስር ይፈታዋል።"

ዙለይኻ ኦልጅራ ጠዋት ስለ እማማ ከውሲ ቦይ የነገራት ትዝ አላት።

ዮዲ ልጇን እያቀፈች ተነሳች። "ዙለይኻ፣ ይኼ ድንጋይ ሌላ ቤት ገብቷል?"

"አላውቅም" አለች ዙለይኻ።

ታውቃለች። ባይሆን አንዱን ቤት ታውቃለች። ከአምስት ዓመት በፊት የደርዊሽ ሲኖትራክ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ድንጋይ ከአጥሩ ወዲያ ሲገለብጥ አቧራው ልብሷ ላይ እየሰፈረ አስቸግሯት ነበር። የዚያን ጊዜ የእማማ ከውሲ ባል ጋሽ ያህያ በሕይወት ነበሩ፤ ከደርዊሽ ጋር የተነጋገሩትም እሳቸው ናቸው። እማማ ከውሲ ያኔ ልጃቸውን ሊያርሱ ስልጤ ዞን ሄደው ነበር። ዛሬ በዚያ ድንጋይ ላይ በተሠራው ክፍል የምታድረው የልጅ ልጃቸው ሰዓደት ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

እናቶቹ ተራ በተራ መጡ። ለእያንዳንዳቸው ወለሉ ተበላሽቷል፣ ከነገ ጀምሮ ሌላ ቦታ ፈልጉ አለቻቸው። የኢንቲሳር እናት የፋብሪካ መታወቂያዋን ከአንገቷ ሳታወጣ ቆማ "ነገ ታዲያ የት ልጣላት?" አለች።

ደርዊሽ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገባ። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። የተሰበረውን ደፍ ሲያይ ቁልፉ ቆመ።

"ምን ሆኖ ነው?"

ዙለይኻ ነገረችው። በሩን፣ ኢንቲሳርን፣ ድምፁን፣ ዮዲ ያለችውን ሁሉ። ሲሰማ ቆሞ ነበር፤ ስለ ግድግዳው ስትደርስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ደርዊሽ ወሎዬ ነው፣ ተጫዋች፤ ዝም ሲል የታመመ ይመስላል።

"ሊጣል የነበረ ድንጋይ ነው" አለ በመጨረሻ። "መንገድ ሊሰፋ ተራራውን ቆርጠው ገደል ሊከቱት። ደጀን ሲሚንቶ አራግፌ ባዶዬን ከምመለስ ብዬ ጫንኩት። ጠንካራ ነበር፣ ዙሌ። ስጭነው ጠንካራ ነበር። በመዶሻ አይሰበርም።"

"ለስንት ሰው ነው ያራገፍከው?"

"ለብዙ አይደለም።"

"ለስንት?"

"ለስድስት ቤት። ከእኛ ሌላ።"

ጠበቀችው።

"አንዱ ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰውዬ አምና ደውሎልኝ ነበር" አለ መሬት መሬት እያየ። "ወለሌ ተነሳ አለኝ። መረሬ ነው አልኩት። ወላሂ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ደጋግሞ ደወለ።"

"ለዚህ ነው ሲም ካርድህን የቀየርከው።"

ዙለይኻ አምና ቁጥሩን ለምን እንደቀየረ ስትጠይቀው ኔትወርክ ያስቸግራል ብሏት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህ የመጀመሪያ ውሸቱ ይሁን ወይም የመጀመሪያ የደረሰችበት፣ አላወቀችም።

"እማማ ከውሲ ነገ ጠዋት ግድግዳውን ተከትለው ቦይ ሊያስቆፍሩ ነው" አለች። "ቆፋሪዎቹ ከግድግዳው እግር ስር ነው የሚቆሙት። ሰዓደት ደግሞ ከውስጥ።"

ደርዊሽ ተነሳ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው። "እሺ፣ እንነግራቸዋለን። ግን እንዲህ እናድርግ። መረሬው ብሶበታል፣ አያስቆፍሩ፣ ልጅቷም ሌላ ክፍል ትደር እንበላቸው። ይበቃል። ድንጋዩን ማን እንዳመጣው ጋሽ ያህያ እንጂ ማንም አያውቅም፣ እሳቸው ደግሞ አልፈዋል።"

"ሌሎቹስ አምስቱ?"

"ቀስ እያልን።"

"ቀስ እያልን ምን?"

"ዙሌ፣ ስሚኝ። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ በየቀኑ አልፋለሁ። ስንቅ ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች አያለሁ። አንዱ ቤት ሰው ላይ ወድቆ ቢሆንስ? ቱሉ ዲምቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። አላውቅም፣ ገባሽ? መደወል ፈርቼ አላውቅም።" ቁልፉን ኪሱ ከተተው። "ኮምቦልቻ ወንድሜ ጋ ጥቂት ቀን ብቆይስ? ነገሩ እስኪለይ።"

ዙለይኻ ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣም። እሷም ፈርታለች። ሴቶቹ ከተሰለፉበት ሰልፍ ውስጥ ራሷን አየች፤ ኢንቲሳርን በሩ ስር አየች፤ ሁለቱ እየተፈራረቁ መጡባት። ሻሿን አስተካከለች።

"አንተ እንዳሻህ" አለችው። "እኔ ሳይመሽ እማማ ከውሲ ጋ ልደርስ ነው።"

ከግቢው ስትወጣ አልተከተላትም። የእማማ ከውሲን በር ስታንኳኳ ግን ኮቴውን ከኋላዋ ሰማች። ከአጥሩ ጥግ፣ ከውስጥ በማይታይበት በኩል ቆመ።

የከፈቱላት እማማ ከውሲ ራሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት። ባላቸው ካረፉ በኋላ የእህል ሱቃቸውን ብቻቸውን ነው የያዙት።

"ዙለይኻ። ግቢ ልጄ፣ ምነው ፊትሽ?"

"አልቀመጥም እማማ። ክፍሉን ያሳዩኝ። ያን የተሰነጠቀውን።"

አሳዩአት። ሰዓደት አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ታጠናለች፤ አልጋው ከተሰነጠቀው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ዙለይኻ ግድግዳውን ከጎን ስታየው ብሎኬቱ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ተገፍቷል፤ ልስኑ ብቻ ነው የያዘው የሚመስለው። ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ልጅቷ በመጥረጊያ ጠርጋ ሰብስባዋለች።

"በየቀኑ ይወጣል" አለች ሰዓደት። "ብጠርገውም ነገ ደግሞ አለ።"

"ሰዓደትዬ፣ ከዚያ ተነሺ። ደብተርሽን ይዘሽ ውጪ።"

ሰዓደት አያቷን አየች። እማማ ከውሲ ዙለይኻን አዩ። ልጅቷ ወጣች።

ሦስቱም የግቢው በር ጋ ከቆሙ በኋላ ዙለይኻ "እማማ፣ የነገውን ሠራተኛ አያስመጡት" አለች። "ቦይ እንዳያስቆፍሩ። ግድግዳው ይወድቃል። ዛሬም ሰዓደት እዚያ እንዳታድር።"

"መረሬው ነው እኮ። ውሃው መውጫ አጥቶ ነው፣ ቦይ ሲወጣለት ያርፋል ብለውኛል።"

"መረሬ አይደለም። ከሊሾው ስር የተሞላው ጥቁር ድንጋይ ነው። አየር ሲያገኘው የሚያብጥ ዓይነት ነው። የእኛም ቤት በሱ ነው የተበላሸው፣ ዛሬ ላብራቶሪ ታይቷል። መውጣት አለበት እንጂ ቦይ ያብስበታል።"

እማማ ከውሲ አተኩረው አዩአት። እህል ሲገዙ ጆንያውን እንደሚያዩት ነበር አተያያቸው።

"የእናንተስ ታየ" አሉ። "በእኔ ቤት ስር ያለው ጥቁር ድንጋይ መሆኑን በምን አወቅሽ? እኔ እንኳ የቤቱ ባለቤት አላውቅም። የሞላው ያህያ ነው፣ እኔ አገር ቤት ነበርኩ።"

ዙለይኻ ይህን ጥያቄ አላሰበችበትም ነበር። ጎረቤት ስለሆንን አንድ ዓይነት ነው ብዬ ነው ልትል ትችላለች። ኦልጅራ ነገረኝ ልትል ትችላለች። ጋሽ ያህያ አንድ ቀን አጫውተውኝ ነበር ብትልም ማንም አያስተባብላት፤ ከአጥሩ ጥግ የቆመው ሰው ይህን እንድትል በልቡ እየለመናት እንደሆነ ታውቃለች። እማማ ከውሲ ይጠብቃሉ። ካላመኗት ነገ ጠዋት ዲጅኖው መሬት ይገባል።

"ያመጣነው እኛ ነን" አለች።

እማማ ከውሲ አልገባቸውም።

"በደርዊሽ መኪና። ጋሽ ያህያ የገዙት ከእኛ ነው። እኛም ከዚያው ነው የሞላነው፤ እንዲህ እንደሚሆን አላወቅንም። አውቀን ቢሆን ልጆች አላስተኛበትም ነበር። ግን ያመጣነው እኛ ነን።"

ሰዓደት ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። በመንገዱ ሚኒባስ አለፈ፤ ረዳቱ ሳሪስ አቦ እያለ ይጣራ ነበር። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ሊይዙ ጎንበስ ብለው፣ ትተውት፣ ቀና አሉ።

"ፍራሽሽን አውጪና እኔ ክፍል አንጥፊው" አሏት ልጅቷን። ቀጥለው ለዙለይኻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩላት፣ "ሌላስ የማን ቤት ነው ይኼ ድንጋይ ያለው?"

ዙለይኻ አታውቅም። ቤቶቹን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የግቢው በር መሀል ቆማ ነበርና ከመቃኑ ፈቀቅ አለች፤ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ለቀቀች። ወደ ውጭ አላየችም፣ አልጠራችውምም።

ጥቂት ቆየ። ከዚያ ደርዊሽ ጫማውን እያፀዳ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ።